ተመስገን የሚባል በሽታ

እኔን የሚያውቅ ሰው ስለ መድን ላወራችሁ መቀመጤን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንጅባራ እየኖርኩ፣ ዝናብ ዓይኑን በማያሽበት ከተማ፣ ዣንጥላ የለኝም። ሰማዩ ሲጠቁር «ያልፋል» እላለሁ። ሲዘንብ በሰው በረንዳ እጠለላለሁ። ሲያባራ እንደ ጨዋ ሰው መንገዴን እቀጥላለሁ። መድን ማለት ደግሞ፣ አዋቂዎች እንዳስረዱኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ዣንጥላ መግዛት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ ሳምንት ሙሉ መድን ሲመርጥ የከረመው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊያችን ወይዘሮ ማስተዋል አዳራሽ ሰበሰቡንና መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው መድን ሊገባ መሆኑን አበሠሩን። ሦስት ዓይነት አለ፤ የሕይወት፣ የአደጋና የሕክምና። አንዱን መርጠን፣ ቅጹን ሞልተን፣ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት እንድንመልስ ነገሩን።

«የሕይወት የሚባለው ምንድን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሠራተኛው ሲሞት ለቤተሰቡ ይከፈላል።»

ግማሹ አዳራሽ አማተበ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ባልደረባችን ብድግ ብሎ፣ «ሚስቴ ይህን ወረቀት ካየች በኋላ የምትሰጠኝን ሾርባ ሳልጠራጠር መጠጣት አልችልም» አለ። ሳቅ ሆነ። ከዳንግላ በየቀኑ የሚመላለሱት የአደጋውን መረጡ፤ የሚኒባሱን ሹፌር ስለማውቀው አልፈረድኩባቸውም። እኔ የሕክምናውን መረጥኩ። መሞትም መጋጨትም በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም፤ መታመም ግን ለማንም አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ አእምሮ ያለው ሰው ነበርኩ። ጉዱ የመጣው ገጽ ሁለት ላይ ነው። ሚስትና ልጆች ያለ ጥያቄ ይገባሉ። ከእነሱ ሥር አንዲት ባዶ መስመር አለች፤ «አንድ ወላጅ፣ የሠራተኛው ወይም የትዳር ጓደኛው» ትላለች። አንድ! እኔ ያሉኝ ሁለት ናቸው፤ ዳንግላ እናቴ፣ ጥርባ አጠገብ የሚስቴ አባት። ይህን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው ወይ ላጤ ነው፣ ወይ አማቹ ባሕር ማዶ ነው የሚኖረው። ከመስመሯ ሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ያለበት ሕመም ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይገለጽ፤ ሳይገለጽ የቀረ ሕመም አይሸፈንም» የሚል ተጽፏል።

ባለቤቴ ስመኝ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከሥራ ስመለስ እስፒል በከንፈሯ ነክሳ የሰው ቀሚስ እያጠበበች ነበር። ቅጹን አሳየኋት።

«አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚለው» አልኳት።

«አየሁት።»

«እና… ማንን ልጻፍ?»

እስፒሉን ሳታወጣ «እንደ ወደድክ» አለችኝ።

ያገባችሁ ገብቷችኋል፤ ላጤዎች በትዕግሥት ተከተሉ። «እንደ ወደድክ» ከሚስት አፍ ስትወጣ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ትከብዳለች። እናቴን ብጽፍ «አባቴን ከሰው አልቆጠረውም» ልባል ነው። አማቼን ብጽፍ ደግሞ ዳንግላ ላይ «ሚስቱ እንደ በግ ትነዳዋለች፣ እናቱን ረሳ» ልባል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ወሬ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ራቴን እየበላሁ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሁሌም የሚመጣልኝ ስበላ ነው፤ ሞኝነቱ የሚገለጥልኝ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው። ሁለቱንም ሄጄ ጤናቸውን እጠይቃለሁ፤ የባሰበት ይጻፋል። ሕመም አያዳላም፤ የሚቀየመኝም የለም። በዚህ ፍርዴ በጣም ኮራሁ።

አንድ ነገር ብቻ ረስቻለሁ፤ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ። እኛ ዘንድ ጤናው የተጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነው። እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ብታገኙና «እንዴት ነህ?» ብትሉት፣ ቃሬዛውን ያዙልኝ ብሎ ቀና ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ? ከብቱ ደህና? ልጆች ደህና?» ይላችኋል። እናንተ ደህና መሆናችሁን ካረጋገጠ በኋላ ነው ቃሬዛው የሚቀጥለው።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ዳንግላ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከክረምት ወዲህ የእናቴን ዓይን ስጠረጥር ነበር። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልክ ስደውል ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ስሄድ ግን ግድግዳውን እየዳበሰች ስታልፍ አያታለሁ። ዝም ብላ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብርሃኗ እንዳይጠፋ በጣም ፈርቻለሁ።

ስገባ ጓዳ ነበረች። ጃኬቴን ምስማር ላይ ሰቅዬ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ብቅ አለችና ጃኬቴን ትክ ብላ አይታ፣ «ምን ይገትርሃል? አረፍ በል እንጂ ልጄ» አለችው።

«ተቀምጫለሁ እኮ እማዬ» አልኳት ከመደቡ።

ደንገጥ አለች፤ ግን እናቴ ናትና እጅ አትሰጥም። «አንተን መች አልኩህ? ጃኬቱን ነው። ሊወድቅ ነው።»

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ያያል?»

«ማየትማ ያያል። ቤቱ ነው የጨለመው።»

ቀትር ነበር፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሦስት ጣቴን ቀስሬ «ስንት ነው?» አልኳት።

«ከመቼ ወዲህ ነው እናት በጣት የምትፈተነው? ጣትህን ሰብስብ! አሳድጌህ፣ አስተምሬህ፣ ዛሬ መጥተህ ቁጥር ታስቆጥረኛለህ?»

ተስፋ ቆርጬ የቅጹን ነገር ነገርኳት። «የስመኝን አባት ጻፍ» አለች። «የሚስቱን አባት ዘሎ እናቱን የሚጽፍ ሰው ቤቱ አይረጋም። እኔ ደግሞ የማየውን አይቻለሁ፤ ምን ቀረኝ?»

አሁኑኑ ስሟን ልጽፍ ብዕር አወጣሁ፤ ግን ሕመሟን ካላመነች፣ ሐኪም ዘንድ ካልሄደች፣ ስሟ ብቻውን ምን ያደርጋል? ብዕሬን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ ደግሞ ወደ አማቼ ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ ጭቃ እያቦካሁ ደረስኩ። አማቼ አያ ታከለ የአዊ ገበሬ ናቸው፤ ባለፈረስ። በዚያ አገር ባለፈረስ ያልሆነ የለም፤ እሳቸው ግን ከጎረቤት እሳት ሊጭሩ እንኳ በፈረስ ነው የሚሄዱት ተብሎ የሚቀለድባቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ከእርሻ ሲመጡ አየኋቸው። ዳማ ፈረሳቸውን በልጓሙ እየሳቡ፣ ከጎኑ በእግራቸው።

«አባባ፣ ምነው በእግርዎ?»

«እሱም ነፍስ አለው። ይረፍ እንጂ።»

እኔ ጅሉ የሰውየውን ደግነት አደነቅሁ።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን። ምን እሆናለሁ?»

«የሚያምዎ ነገር የለም? ትንሽም ቢሆን?»

ቆመው አዩኝ። «ያመመኝ እመስላለሁ?» አሉና፣ ከደጃፋቸው ወደ ቆመው የከሰል ማዳበሪያ ሄዱ። «አባባ ይተዉ» ብል ማን ሰምቶኝ። ማዳበሪያውን ብድግ አደረጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ። መልሰው አስቀመጡት፤ ብሽሽታቸውን በጋቢያቸው ሥር ያዝ አድርገው ጥቂት ቆዩና፣ «አየህ?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ። «ተመስገን።»

«ካልታመሙ ምን ያስጨንቅዎታል፣ ለማንኛውም ስምዎን ልጻፈው?»

«እንዳታደርገው! ቀበሌም ጤና መድን ግባ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ እምቢ ብያለሁ። ሳልታመም ስሜን ለሕመም ልስጥ? አንዴ ከተመዘገብክለት በሽታ ቤትህን ለማግኘት አይቸገርም። ደግሞስ እናት እያለች አማች ይጻፋል? ነውር ነው። እመት የኔነሽን ጻፍ።»

የኔነሽ እናቴ ናት። ይህን ብለው ወደ ዳማው ዞሩና ጆሮው ሥር በአዊኛ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾኩ። የእኔ አዊኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የከብት ጉዳይ መስሎኝ ተሰናብቼ ወረድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ተቀምጬ ከቅጹ ጋር ተፋጠጥኩ። አንዷ «እሳቸውን» ትላለች፤ አንዱ «እሳቸውን» ይላሉ፤ ሚስቴ «እንደ ወደድክ» ትላለች። እንግዲህ ሐቀኛ ሰው የሰማውን ይጽፋል። የወላጅ ስም፣ «ሁለቱም»። ያለበት ሕመም፣ «ተመስገን»። ፈርሜ ወሰድኩላቸው።

ወይዘሮ ማስተዋል መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ሁለቱም የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ። «ተመስገን የሚባል በሽታም በዝርዝሩ የለም። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ስምና የሐኪም ወረቀት ካላመጣህ መስመሯ ባዶዋን ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመት አትምጣብኝ።»

እስከ ዓመት! የእናቴ ዓይን እስከ ዓመት ይጠብቃል? ከሰዓት ሥራዬን ጥዬ ቤቴ ስገባ እናቴ ተቀምጣለች። ጭራሽ ከዳንግላ ብቻዋን ተነሥታ፣ እንጅባራ ወርዳ፣ ባጃጅ ይዛ መጥታለች። የመጣችው ስሟን ልታሰርዝ ነው።

«ያልተጻፈ ስም እንዴት ይሰረዛል እማዬ?»

«አንተን አላምንም። ለስላሳ ነህ፤ ትጽፈኛለህ።»

ይህን ስትለኝ ከውጭ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። እናቴ ቀና ብላ ጆሮዋን ጣለች።

«ፈረሱ ባዶውን ነው» አለች። «ሰውየው ከጎኑ ነው የሚሄደው። ያውም አንድ እግሩን ይጎትታል።»

አያ ታከለም ገቡ። እሳቸውም ከጥርባ የመጡት ስማቸውን ሊያሰርዙ ነው። እናቴ በክብር ተነሥታ እጇን ለምሰሶው ዘረጋችለት። አማቼ ምሰሶውንና እሷን አየት አድርገው፣ በምሰሶው በኩል ዞረው እጇን ተቀበሏት። ጨዋ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ጨዋ አልለውም።

«እመት የኔነሽ፣ እርስዎ ነዎት የሚጻፉት።»

«በሞቴ፣ አያ ታከለ! እርስዎ ይጻፉ።»

«እኔ ልሙት፣ አልጻፍም!»

«አፈር ልሁን፣ አይሆንም!»

ሁለት አዛውንቶች የመድን ቅጽ መሐል አስቀምጠው በሞታቸው ይማማላሉ። የሕይወቱን መድን አለመምረጤን አመሰገንኩ፤ የኩባንያው ሰው ቢሰማ እዚያው ውሉን ይቀድ ነበር። ገላጋይ ልሆን «እባካችሁ» ስል ሁለቱም በአንድ ቃል «አንተ ዝም በል» አሉኝ። መግባባት የቻሉት በዚህ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። «ይበቃል! እርስዎ ታመዋል» አለች። «ፈረስ ላይ መውጣት አቅቶዎታል። ኮቴውን ሰምቻለሁ።»

አማቼ ቀሉ። «እኔ? ላሳርፈው ብዬ ነው! ይልቅ እርስዎ፣ ቅድም ሰላም ያሉት እኔን ነው ወይስ ምሰሶውን?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። በዚህ መሐል ስመኝ ፈረሱን አስራ ከጓሮ ገባች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቅድም በር ላይ ለዳማው ምን ሲሉት ነበር?»

አማቼ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

«በአዊኛ ይቅርታ ሲጠይቁት ነበር» አለችን ወደኛ ዞራ። «‹ብሽሽቴ አብጦ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም፣ አትቀየመኝ› ሲሉት ነበር።»

ለሰው ተመስገን፣ ለፈረስ እውነት! ለካ ትናንትም እኔ አጠገብ ቆሜ፣ ሰውየው ሕመማቸውን አንድ በአንድ ለዳማው ሲያስረዱ ነበር። እናቴ መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ መሳቋን መደበቅ አቃታት። አማቼም ተኮሳትረው ተኮሳትረው ሲያቅታቸው ብሽሽታቸውን ይዘው አብረው ሳቁ።

ስመኝ ከስፌት መኪናዋ ላይ የሰውን ቀሚስ ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋች። «እማማ፣ እርስዎ የአባዬን ሕመም ይንገሩኝ። አባዬ፣ እርስዎ ደግሞ የእማማን።»

ያኔ አንደበታቸው ሲፈታ ማየት ነበር! እናቴ የአማቼን እግር፣ አረማመድ፣ ሲቀመጡ የሚያሰሙትን «እህ» ሳይቀር ዘረዘረች። አማቼ ደግሞ እናቴ የፋሲካ ዕለት መጥታ በርበሬ ነው ብላ ሽሮ መበተኗን፣ አንዱን የልጅ ልጇን በሌላኛው ስም መጥራቷን፣ ደረጃ ላይ እግሯ መሳቱን ተናገሩ። የኛ ሰው የራሱን ሕመም ለሐኪም ይደብቃል፤ የሰውን ግን ከነቀኑ ያውቀዋል። ሐኪሞች ይህን ቢረዱት በሽተኛውን ውጭ አስቀምጠው ጎረቤቱን ያስገቡ ነበር።

«እማማ በመሥሪያ ቤቱ ይጻፋሉ» አለች ስመኝ ብዕሩን ለእኔ እያቀበለች። «ዳንግላ የቀበሌው ምዝገባ ካለፈ ቆይቷል። የአባዬ ቀበሌ ግን እስከ እሑድ ይመዘግባል። ጠይቄያለሁ።»

«መቼ ነው የጠየቅሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ቅጹን ይዤ አገር ለአገር ስዞር ነው የከረምኩት!»

«መች ጠየቅኸኝ? ማንን ልጻፍ አልከኝ፤ እንደ ወደድክ አልኩህ።»

«እሱማ… ተቆጥተሽ መስሎኝ።»

«እስፒል በአፌ ይዤ ስንት ቃል ልናገር ፈለግህ?»

ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ «እንደ ወደድክ» ስትለኝ እንደ ወደድኩ ማለቷ ሊሆን እንደሚችል ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

ግን አላለቀም። አማቼ «እሳቸው ሐኪም ካላዩ እኔ አልመዘገብም» አሉ። እናቴም «እሳቸው ካልታዩ እኔ እግሬን አላነሣም» አለች። ስለዚህ ዓርብ ማለዳ ሁለቱን በአንድ ባጃጅ ጭኜ ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ አንዱ አንዱን እንዲጠብቅ። ዳማው ጓሮ ቀርቶ የስመኝን ጥቅል ጎመን አንድ ሳያስቀር ጨረሰ፤ ለዚህ መድን አልነበረንም። ሐኪሙ እናቴን «ምን ያምዎታል?» ሲላት፣ «እኔስ ደህና ነኝ፤ ውጭ የተቀመጡትን ሰውዬ ግን ቶሎ ብትይዟቸው» አለችው። በግድ አስቀምጦ አያት። የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱም ላይ አለ፤ ቀኙ ብሷል፤ ይገፈፋል፣ ታያለች አለ። «ታያለች» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አማቼም ቡአ ተባሉ፤ ቶሎ ካልተሠራ አደገኛ ነው ተብሎ በደንብ ተገሠጹ።

ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ወረቀቱን እያለከለኩ ወይዘሮ ማስተዋል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ስሙን አነበቡ፤ ሕመሙን አነበቡ፤ ማኅተሙን መቱ። «ለእናትህ ምሕረት ያውርድላቸው» አሉኝ። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እሑድ አማቼ ተመዘገቡ። ለመታወቂያው ፎቶ ሲባሉ ከዳማው ጋር ካልተነሣሁ ብለው ሰልፉን ሙሉ አቆሙት፤ በስንት ልመና ብቻቸውን ተነሡ። የመድኑ መጠበቂያ ጊዜ አልቆ ቡአቸው ተሠራ። ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ድረስ ፈረሱን በየቀኑ እየሄዱ ያጽናኑት ነበር አሉ።

እናቴ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎ፣ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ እኔና ስመኝ አልጋዋ አጠገብ ቆመናል። ነርሷ ቀስ ብላ ፈታችው። እናቴ ዓይኗን አርገብገብ አደረገች። መጀመሪያ ያየችው ስመኝን ነው። ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ቆንጆ ነሽ እንዴ? እኔ ድምፅሽን ብቻ እየሰማሁ ስፈራሽ ኖርኩ» አለች። ስመኝ መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እጇን አንሥታ ጭንቅላቴን፣ በጆሮዬ በኩል ያለውን ጠጉር ነካችው።

«ልጄ» አለች። «እኔ ሳላይህ ሸበትክ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ነርሷ ደንግጣ ሮጠች፤ «እናቴ! እናቴ! በዚህ ዓይን ማልቀስ ክልክል ነው! ገና ነው!»

«እሺ ልጄ፣ አትቆጪኝ» አለች እናቴ። «በግራው አለቅሳለሁ።»

አለቀሰችም።